በእናቴ እንሰት መሃል የወጣው መንገድ

ልጅ ሳለሁ በእኛ በኩል ያለው የሶዶ ሰፈር ሦስት መንገድ ነበረው። ሦስቱም ከላይ ከገበያው ሜዳ ተነስተው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሲወርዱ ግን አይገናኙም። ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው መሄድ የፈለገ ሰው እስከ ገበያው ወጥቶ በሌላው በኩል እንደገና መውረድ ነበረበት። ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም። መንገድ ማለት ከቤት ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን መውጫ ነው እንጂ ጎን ለጎን መሻገሪያ አልነበረም። ከጎረቤት ጋር የሚፈለገው ነገር አጥር ላይ ሆኖ በመጣራት ያልቅ ነበር።

ምክንያቱ ደግሞ ጓሮ ነበር። እያንዳንዱ ቤት ፊቱን ወደ መንገዱ ሰጥቶ ከኋላው እንሰት ይተክላል። የእኛ እንሰት ከኋላ ቤት እንሰት ጋር ይገናኛል፤ በመሃል አጥር አለ። ከላይ ከዳሞታ ተራራ ሆኖ ለሚያይ ሰው በመንገዶቹ መካከል ያለው ሁሉ አንድ ረጅም የእንሰት ማሳ ይመስለው ነበር።

ቤታችን በመሃለኛው መንገድ ላይ ነበር። አባቴ ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ ሰዎች ልጅ ነው፤ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ሥራው ቀረ። ከዚያ በኋላ ለሰው ማመልከቻ እየጻፈ ያገኘው ሁሉ ለጨውና ለልብስ ነበር፤ ስድስታችንን የሚያበላን የእናቴ ጓሮ ነው። እናቴ ወላይታ ናት። እንሰቱን የተከለችው፣ የምታዛውረው፣ የምትፍቀውም እሷ ነበረች። ወንድ በእንሰት ሥራ እጁን አያስገባም፤ አባቴም ጓሮውን የሚያውቀው በጥላው ብቻ ነበር።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ከከተማው ግርጌ የመኪና መንገድ ተጠረገ። መንገዱ እንደወጣ ነጋዴዎች ዳሩን ይዘው ቤት መሥራት ጀመሩ። ከበዴሳ በኩል የመጡ ነበሩ፣ ከጉኑኖ በኩልም የመጡ። እያንዳንዱ የራሱን ያጥራል፤ የሚቀጥለው ደግሞ ለእንጨት ቁጠባ ብሎ አጥሩን ከእሱ ጋር ያያይዛል። በአንድ በጋ የምሥራቁ መንገድ ታችኛው ጫፍ ተደፈነ። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም። ሁሉም የራሱን በር ሲያይ የሌላው መውጫ ተዘጋ።

የላይኛው ጫፍ ደግሞ በክረምቱ ሄደ። የታችኛውን የመኪና መንገድ ከጎርፍ ለመጠበቅ ከገበያው ጎን የተቆፈረው ቦይ ከዳሞታ የሚወርደውን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ በምሥራቁ መንገድ አፍ ላይ ለቀቀው። ክረምቱ ሲያልቅ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ሸለቆ ተቦርቡሮ ነበር። የምሥራቁ መንገድ ሰዎች ከላይ ሸለቆ፣ ከታች አጥር ሆነባቸው።

እዚያ የሚኖሩት አብዛኞቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪ ሰው ቤት አይገባም፤ በተለይ የሌላ ሰው የእንሰት ጓሮ አይረግጥም። ከረገጠ እንሰቱ ይጠወልጋል ይባል ነበር። ማሰሮ የምትሸጥልን ሴትዮ ዕድሜዋን ሙሉ ከእናቴ ጋር ያወራችው ከአጥር ውጭ ቆማ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ይህች ሴትዮ ከኋላው አጥር ማዶ፣ ከራሷ ጓሮ ሆና ተጣራች። እናቴ ወደ አጥሩ ስትሄድ ተከተልኳት። ሴትዮዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት እናቴ በወላይትኛ።

«ሸለቆው ነው እመቤቴ። ሦስት ገንቦ ይዤ ወረድኩ፣ ሦስት ጆሮ ይዤ ወጣሁ።» የተሰበሩትን የገንቦ ጆሮዎች ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ሰውነትሽስ?»

«ሰውነቴን ማን ይገዛዋል? ገንቦው ነው የሚያሳዝነው።»

እናቴ አልሳቀችም። ከቆመችበት ዞራ እንሰቱን አየችው፤ ከወዲያ አጥር እስከ በራችን ድረስ መቶ እርምጃ አይሞላም።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ እለፊ» አለቻት።

ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «አላልፍም።»

«እኔ ፈቅጄ?»

«አንቺ ብትፈቅጂስ? ነገ አንድ ቅጠል ቢጠወልግ በማን ይሳበባል? ጓሮ ከሆነ እግሬን አላስገባም እመቤቴ። መንገድ ቢሆን ግራና ቀኙ ታጥሮ፣ እሱ የሁሉ ነው። በመንገድ ማን ይከለክለኛል?»

ይህን ብላ ጆሮዎቹን ይዛ ሄደች። እናቴ ቀኑን ሙሉ በእንሰቱ መሃል ስትመላለስ ዋለች። የተጠየቀችው ፈቃድ እንዳልሆነ ገብቷታል። የተጠየቀችው መሬት ነበር።

ማታ ለአባቴ ነገረችው። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከእኛ ጋር ትኖር ነበርና እሷም ሰማች።

«መንገድ የሚያልፍበት ግቢ ግቢ አይባልም» አለ አባቴ።

«እርስዎ በሚጽፉት ማመልከቻ ስንት ሰው ነው መውጫ ተዘጋብኝ ያለው?» አለችው እናቴ። እናቴ አባቴን አንቱ ነበር የምትለው፤ ስትከራከረውም አትተውም።

«እሱ ሌላ ነው፤ እሱን የምጽፈው ለሰው ነው።»

አክስቴ ጣልቃ ገባች። «ወንድሜ፣ ሚስትህ ያለቻትን አንድ ጓሮ ለሸክላ ሠሪ ልትሰጥ ነው። እንሰቱ ሲጠወልግ ምን ልንበላ ነው? ማመልከቻ እንቀቅል?»

«እንሰት ልጅ ሆኖ ሦስት ጊዜ ቤት ይለውጣል» አለች እናቴ። «አራተኛ ብንጨምርለት አይሞትም።»

እንሰት ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል። እንሰት በአንድ ቦታ ተተክሎ የሚያድግ አይደለም። ፍሉ ከእናቱ ሥር ይወጣል፣ ወደ መጀመሪያው መደብ ይዛወራል፣ ሲጠነክር ወደ ሁለተኛው፣ በመጨረሻም ወደሚያረጅበት ቦታ ይሄዳል። የእናቴ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ በዚያ ዓመት መዛወር ያለባቸውን ሁሉ ወደ ሁለቱ ጎን ጠጋ ጠጋ አድርጋ ብትተክል በመሃል ባዶ መስመር ይቀራል።

 በመጨረሻ አባቴ እንዲህ አለ፦ «አንድ እግር እንሰት ሳይሞት መንገድ ካወጣሽ ይሁን። አንድ እግር ከሞተ ግን አጥሩን መልሼ እዘጋዋለሁ።»

አክስቴ «እኔ እቆጥራለሁ» አለች።

ሥራው ከጥምቀት በኋላ ተጀመረ። እናቴ ትነቅላለች፣ እኔ ሥሩን በቅጠል እየጠቀለልኩ አቀብላለሁ፣ እሷ ትተክላለች። እጆቼ በፈሳሹ ጠቁረው ለሳምንታት አልለቀቁም። የምሥራቁ መንገድ ወንዶች ቀርከሃ ተሸክመው መጥተው ከወዲያ በኩል አጥር መሥራት ጀመሩ። የሚሠሩት ከደጅ ወደ ውስጥ ነው፤ አንድ ክንድ ሲያጥሩ አንድ ክንድ ይገባሉ። ያልታጠረ መሬት ላይ አንድም ሰው እግሩን አላሳረፈም። እናቴ ይህን አይታ ፍጠኑም ዝግም በሉም አላለቻቸውም።

ስፋቱን የለካው አባቴ ነው። እኔን ከጎኑ አቁሞ ሁለታችን ጎን ለጎን ሄድን፤ ከዚያ ላይ ትንሽ ጨምሮ ችካል ተከለ። «ሁለት ሰው ሳይነካካ ያልፋል፤ ከዚህ በላይ ለማን ነው?» አለ። ከመሃል ላይ ሁለት ትልልቅ እንሰቶች ነበሩ፤ ሊያፈሩ የተቃረቡ፣ ግንዳቸውን አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የማያቅፋቸው። እነሱ አይዛወሩም። መንገዱ እዚያ ሲደርስ በሁለቱ መካከል ጠምዘዝ ብሎ እንዲያልፍ ተደረገ።

አጥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባለቀ ቀን ገንቦ ሠሪዋ መጣች። በወዲያኛው አፍ ቆማ ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች። ከዚያ አራት ገንቦ በጀርባዋ አዝላ በመሃሉ አልፋ በእኛ በር በኩል ወጣች። ስታልፍ ለእናቴ ሰላምታ የሰጠቻት መንገደኛ ለመንገድ ዳር ሰው እንደሚሰጠው ነበር። እናቴ በዚያ ሰላምታ የተደሰተችውን ያህል በሌላ ነገር ስትደሰት አላየኋትም።

ከጣሊያን በኋላ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ሁለተኛ ደረጃም ደረስኩ። በጂኦግራፊ ክፍል አስተማሪያችን የየአገራችንን ከተማ ካርታ እንድንሥል አዘዘን። ሦስት ቋሚ መስመር ሣልኩና በመሃል አንድ አግድም ጨመርኩ። አስተማሪው በእርሳሱ አግድሙን ነክቶ «ይህ የማዘጋጃ ቤት መንገድ ነው?» አለኝ። «የለም፣ እናቴ ያወጣችው ነው» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። አላረምኩትም። ከተማው ሲያድግ ብዙ መንገድ አይቻለሁ፤ ሰፊ ሆኖ የትም የማያደርስም አይቻለሁ። ዛሬ ወደ ዳሞታ ግርጌና ወደ በዴሳ መውጫ በሚስፋፉት አዳዲስ ሰፈሮች ግንቡ ከግንብ ተያይዞ፣ አንድ ቤት አልፎ ያለ ሱቅ ለመድረስ ባጃጅ የሚይዝ ሰው አለ። ወጣቶቹ ከተማው ትልቅ ስለሆነ ነው ይላሉ። እኔ ትልቅ ስለሆነ አይመስለኝም።

ወደዚያ ዓመት ልመለስ። ተዛውሮ የተተከለ እንሰት መጀመሪያ ላይ ቢጫ ይሆናል። ይህን አክስቴም ታውቃለች፤ ግን በየጠዋቱ በመንገዱ ዳር እየሄደች ትቆጥር ነበር።

«ዛሬ አሥራ አንድ ቢጫ አለ!» ትላለች ከጓሮ ሆና።

«ትናንት አሥራ አራት ነበር» ትላለች እናቴ ከቤት።

«ሦስቱ ሞተው ነዋ!»

«ሦስቱ አረንጓዴ ሆነው ነው። ዓይንሽን ታጠቢ።»

በመጋቢት የበልጉ ዝናብ ወረደ። ሚያዝያ ላይ አክስቴ መቁጠሩን ተወች። አንድም አልሞተም።

በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለ ከመንገዱ መሃል ጩኸት ሰማን። አባቴ ብዕሩን አስቀምጦ ወጣ፤ ተከተልኩት። አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው በሁለቱ ትልልቅ እንሰቶች መካከል ቆመዋል። ቃሬዛው ላይ ገንቦ ሠሪዋ ነበረች። ጭቃ ስትቆፍር ጉድጓዱ ተደርምሶባት እግሯ ተሰብሯል፤ ወጌሻው ያለው በምዕራቡ መንገድ ነው። ሸለቆው በጎርፍ ሞልቶ ነበርና ሌላ መውጫ የለም። መንገዱ ግን ለሁለት ሰው እንጂ ለቃሬዛ አልተለካም፤ ቃሬዛው በጥምዝዙ ላይ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንቢ ብሏል።

«ጫፉን ያዘው! እንሰቱ ነው ጫፉን የያዘው!» ይላል የፊተኛው።

«እስቲ አዘንብሉት!» አለ የኋለኛው።

«ገንቦ ነኝ እንዴ የምታዘነብሉኝ?» አለች ሴትዮዋ ጥርሷን ነክሳ። ሲያዘነብሏት ጮኸች፤ መልሰው አቃኑት።

አባቴ ተበሳጨ። «ይህን ማን ነው እንዲህ አጥብቦ የለካው?»

ተሸካሚዎቹ ተያዩ። «እርስዎ ነዎት ጌታው» አለ አንዱ።

አባቴ ወደ ቤት ተመለሰ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ሲመጣ ገጀራ ይዟል።

«ጌታው፣ ይሄ የሴት ሥራ ነው» አለው የፊተኛው። «ባለቤትዎ እስኪመለሱ...»

«እስክትመለስ የዚህች እግር እዚሁ ይጠገን?»

አጥሩን በእግሩ ገፍቶ ጣለና የመጀመሪያውን እንሰት መታው። የእንሰት ግንድ ውሃ ነው፤ አያስቸግርም፤ ግን መምታት አያውቅበትም ነበር። ፈሳሹ ፊቱንና ነጭ ሸሚዙን ነከረው። ሁለተኛውን ሲጥል የሰፈሩ ሴቶች በአጥር ላይ ተደርድረው ነበር።

«አይ ጸሐፊ! እንሰት ፋቂ ሆንክልን!» አለች አንዷ።

«ቆጮውንስ መቼ ነው የምታበላን?» አለች ሌላዋ።  ቃሬዛው አለፈ።

እናቴ እንስራዋን አዝላ ስትደርስ ሁለቱ እንሰቶች መንገዱ ላይ ተጋድመዋል። ቆማ አየቻቸው። ቀጥሎ አባቴን አየችው።

«ሁለት እግር ሞተ» አለ። አክስቴ ከበሩ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። «የገደልኩት እኔ ነኝ። በአንቺ አይቆጠርም።»

ከአባቴ አፍ ይቅርታ የሚመስል ነገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እናቴ ግን ሌላ ነገር ታስብ ነበር። የወደቀ እንሰት አይቆይም፤ በሁለት በሦስት ቀን ካልተፋቀ ይበላሻል። ሁለት እንዲህ ያለ እንሰት ደግሞ ለአንዲት ሴት አይሞከርም። እንደ ልማዱ የመንገዳችን ሴቶች ተጠርተው በአንድነት ይፍቃሉ፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ ይከፈላል። በማግስቱ ጠዋት ጥሪ ሄጄ በየበሩ ቆምኩ። አንዷ ልጅ ታሞባት ነበር። አንዷ ወገቧን አሟታል። ሦስተኛዋ እውነቱን ነገረችኝ፦ «ሸክላ ሠሪ ሲመላለስበት የከረመ እንሰት ነው። ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ አትንገሪ።»

ለእናቴ ነገርኳት። መፋቂያ ሳንቃውን አውጥታ ብቻዋን ጀመረች።

ብዙም ሳይቆይ የገንቦ ሠሪዋ ሁለት ሴት ልጆችና ምራቷ መጥተው በፈረሰው አጥር አጠገብ ቆሙ። እግሯ በሸንበቆ ታስሯል፣ ደህና አድራለች አሉ። ከዚያ አልሄዱም፤ አልገቡምም። ሳንቃው ከአጥሩ ወዲህ፣ ጓሮው ውስጥ ነበር።

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ተነሳችና ሳንቃውን ተሸክማ መንገዱ መሃል ላይ ተከለችው። ሁለተኛውን እኔን አስመጣችኝ። የእንሰት ቅጠል ዘርግታ ተቀመጠች።

«እንሰቱ የወደቀው መንገድ ላይ ነው፤ የሚፋቀውም መንገድ ላይ ነው» አለች። «በመንገድ ማን ይከለክላችኋል?»

ምራቷ ሳቀች፤ መጀመሪያ የተቀመጠችው እሷ ናት። ሸክላ የለመደ እጅ እንሰት ሲፍቅ አይደክመውም። እስከ ቀትር ድረስ አንዱ ግንድ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ከምንጭ የሚመለሱ የመንገዳችን ሴቶች እንስራቸውን አዝለው በዳር በዳር ያልፋሉ፤ በየበራቸው ሆነው እንቢ ማለት ቀላል ነበር፤ የሚፍቁ አራት ሴቶችን ፊት ለፊት አይቶ ማለፍ ግን ከባድ ነው መሰለኝ፣ ወገቧን ያመማት ተመልሳ መጥታ ተቀመጠች። ወገቧን ማንም አልጠየቃትም።

አክስቴ ከበሩ ላይ ሆና ስታይ ዋለች። በመጨረሻ አላስቻላትም።

«እንዲህ አይፋቅም! ቡላውን እየደፋችሁት እኮ ነው!»

«ምን እናድርግ እትዬ፣ የሚያስተምረን ጠፋ» አለች ምራቷ።

«አምጪ እዚህ!» አክስቴ መጥታ ቀሚሷን ሰብስባ ከታናሺቱ ልጅ አጠገብ ተቀመጠችና መፋቂያውን ከእጇ ነጠቀቻት። የእንሰት ሥራ የተማረችው ከእናቴ ነበር፤ ይህን ግን አልተናገረችም። ፀሐዩ በረታ። አክስቴ እጇን ሳታቆም፣ ማንን እንደምታዝም ሳታይ፣ «ውሃ አቀብዪኝ» አለች።

ታናሺቱ ልጅ ተነስታ ማሰሮውን አነሳች። ማሰሮውን በእጇ እንደያዘች ትንሽ ቆመች፤ ከሸክላ ሠሪ እጅ ውሃ ተቀብሎ የሚጠጣ ሰው አልነበረም፤ እናቷ በሕይወቷ ሙሉ ከአጥር ውጭ የቆመችውም ለዚህ ነበር። አክስቴ ቀና አለች። የልጅቷን እጅ አየች፤ እናቴን አየች። እናቴ ሥራዋን አላቋረጠችም።

አክስቴ ማሰሮውን ተቀብላ ጠጣች። አፏን ጠርጋ «ሞቋል፤ ጥላ ላይ አድርጊው» አለች።

ያን ሁለት እንሰት በሁለት ቀን ጨረሱት። ቆጮው ጉድጓድ ገብቶ ሲደርስ እናቴ ለፋቁት ሁሉ ድርሻቸውን በየቤታቸው ላከች፤ ወደ ምሥራቁ መንገድ ያደረስኩት እኔ ነኝ። አባቴ የፈረሰውን አጥር መልሶ ሠራው። በዚህ ጊዜ ስፋቱን የለካው ከምሥራቁ መንገድ አራት ወንዶች ጠርቶ ባዶ ቃሬዛ በትከሻቸው አሸክሞ ነው። ሁለት ጊዜ አመላለሳቸው። ሁለቱ እንሰቶች ከነበሩበት ሲደርሱ ቀጥ ብለው አለፉ።